መርፌው ስለሚጠዘጥዝሽ

የምወድሽ እትዬ፣

ትናንት ማታ «አጥንቴን ይጠዘጥዘኛል፤ በሽታው ተመልሶ ይሆን?» ካልሽኝ ወዲህ ልቤ እዚያው ሚኒሶታ አልጋሽ አጠገብ ነው። በስልክ ተጣድፌ የመለስኩልሽን አሁን ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

ሜልፋላን የተባለው የኬሞ መድኃኒት የመቅኔ ካንሰርሽን፣ ማይሎማውን፣ ሲመታ መቅኔሽንም አብሮ ጠርጎታል። ቀደም ብለው ከደምሽ የለቀሙልሽን ስቴም ሴል መልሰው የሰጡሽ ለዚሁ ነው። ሴሎቹ አጥንትሽ ውስጥ ተደላድለው ደም መሥራት እስኪጀምሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ሆድሽ ላይ የምትወጊው ፊልግራስቲም ይህን ጥበቃ በጥቂት ቀናት ያሳጥረዋል። የሰው አካል ራሱ የሚያመነጨው፣ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል ቶሎ እንዲራባና እንዲበስል የሚያዝ ፕሮቲን ቅጂ ነው። የሚጠዘጥዝሽ ዳሌሽን፣ ወገብሽንና ደረትሽን አይደል? መቅኔ የሚበዛው እዚያ ነው፤ ሲቀሰቀስ ያማል።

ዶናልድ ሜትካፍ የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜልበርን ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የለፋው በእንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች ላይ ነበር፤ መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ሜትካፍ ዛሬ በሕይወት የለም። ነፍሱን ይማር፤ እኔ በየቀኑ አመሰግነዋለሁ።

ቀይ ደምና ፕላትሌት ላይ ግን መርፌው አይረዳሽም። ድድሽ ወይም አፍንጫሽ ከደማ ወዲያው ተናገሪ፤ ደም ሊሰጡሽ ይችላሉ።

እትዬ፣ ጠባይሽን አውቀዋለሁ። «እንዴት ነሽ?» ሲሉሽ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። አሁን እንዲህ አይሆንም። ኒውትሮፊል ከ500 በታች ሲወርድ የገዛ አንጀትሽ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ መግል የሚሠራው ኒውትሮፊል ስለሆነ ቁስል እንኳ መግል ላይዝ ይችላል። ብዙ ጊዜ ትኩሳት ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ 38 ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ካለሽም፣ ሌሊትም ቢሆን ደወሉን ተጫኚ። ቦርሳሽ ውስጥ ያለውን ታይለኖል ደግሞ ሳታስፈቅጂ እንዳትውጪ፤ ትኩሳቱን ይደብቅባቸዋል። ለአጥንትሽ የሚስማማሽን እነሱ ይስጡሽ፤ ሕመምን ችሎ ማለፍ እዚህ ላይ ጀግንነት አይደለም።

ጠያቂዎችሽም ጉንፋን ካላቸው በስልክ ይጠይቁሽ። ቅር የሚለው ካለ በእኔ አሳብቢ።

እማዬ በየማለዳው «ቁጥሩ ስንት ገባ?» ትለኛለች፤ የደም ውጤትሽ እንደወጣ ላኪልኝ።

የምትወድሽ ታናሽሽ