ሠረገላውን የት አቆመው?

አልቅት ውኃ ውስጥ ብቻ የምትኖር የሚመስለው ሰው ስሪ ላንካ ይሂድ። የዚያች ደሴት አልቅት ከብት ወንዝ እስኪወርድላት አትጠብቅም። ዝናብ በጣለ ማግስት ሣር ጫፍ ላይ ቆማ፣ ወገቧን እያወዛወዘች፣ መንገደኛ ትጠብቃለች። ፈረንጆች የአዳም ጫፍ፣ የአገሩ ሰዎች ስሪ ፓዳ ወደሚሉት ተራራ በጫካው በኩል የሚወጣ ሰው ቀረጡን በቁርጭምጭሚቱ ይከፍላል።

ጉዞውን ያሰናዳልን ወጣት ገና ስንነሳ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ሎሚ ኪስዎ ይክተቱ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ጥቂት ቆይቶ አልቅቷ ነገረችኝ። ሎሚው ጠብ ሲልባት ለቀቀች። ደሙ ግን ካልሲዬን አርሶ፣ ጫማዬን አልፎ፣ እስከ ሻይ ቤቱ ተከትሎኛል። ምራቋ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር አለ። የዘመኑ ሐኪሞች ሎሚም ጨውም ተዉ፣ በጥፍር ገፋ አድርጋችሁ አላቅቋት ይላሉ፤ ስትጨነቅ ሆዷ ውስጥ ያለውን ወደ ቁስሉ ልትመልሰው ትችላለችና። ምክሩ ጥሩ ነው፤ መካሪው ግን በዚያ ሰዓት አጠገቤ አልነበረም።

እኔን የያዘኝ ግን ሎሚው ነው። አልቅት፣ ሎሚ፣ ተራራ፦ ሦስቱን አንድ ላይ የሆነ ቦታ አንብቤያቸዋለሁ። አዲስ አበባ ተመልሼ መጻሕፍቴን ሳገላብጥ ኢብን ባቱታ ዘንድ አገኘኋቸው። ሞሮኳዊው መንገደኛ ይህን ተራራ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1344 ሲሆን፣ ስለ አልቅቷ የጻፈው በቂም ነው ብል አላጋነንኩም። ከዛፍና ከሣር ዘላ ትጣበቃለች፣ ሰዉም ሎሚ ይዞ ይጓዛል፣ ሲጨምቁባት ትወድቃለች ይላል። ሎሚ መጭመቁን ንቆ ደሙ ፈስሶ ያለቀ አንድ ተሳላሚ እንደ ነበረም ያወራል። ወጣቱ አስጎብኚያችን ከ680 ዓመት ገደማ በኋላ ያንኑ መድኃኒት ሲያድለን መጽሐፉን ያነበበ አይመስለኝም።

እዚያው ገጽ አካባቢ ስለ ሰንሰለቶቹ ተጽፏል። ወደ ተራራው የሚያወጡ ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ የአባት፣ ሌላው የእናት፣ ማለትም የአዳምና የሔዋን። የእናቲቱ ቀላል ስለሆነ ተሳላሚዎች ሲመለሱ ይወርዱበታል፤ በዚያ የወጣ ሰው ግን እንደ ተሳለመ አይቆጠርለትም። የአባትየው ቀጥ ያለ ገደል ነው። ቋጥኙ ላይ መረገጫ ተፈልፍሎ፣ ብረት ተቸንክሮ፣ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ኢብን ባቱታ ሰንሰለቶቹን ቆጥሮ አሥር ናቸው ይላል። የመጨረሻው የምስክርነት ሰንሰለት ይባላል፤ እዚያ የደረሰ ሰው ቁልቁል ሲያይ ራሱ ስለሚዞር ሸሃዳውን ይላል። ደብረ ዳሞን በጠፍር የወጣ ሁሉ ይህን ስያሜ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ እዚያ የሚጠራው ስም ሌላ ይሁን እንጂ።

ሰንሰለቱን ማን ሰቀለው? ማርኮ ፖሎም በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ስለ ትላልቅ የብረት ሰንሰለቶች ጽፏል፤ ስለዚህ ከእሱ በፊት ነው። አሽራፍ የተባለ የ15ኛው መቶ ዓመት የፋርስ ባለቅኔ ክብሩን ለታላቁ እስክንድር ይሰጣል። ይህ እንኳ የሚሆን አይደለም። የእስክንድር ሠራዊት በ326 ዓመተ ዓለም ሰሜን ሕንድ ውስጥ ቢያስ ወንዝ ዳር «ከዚህ ወዲያ አንሄድም» ብሎ ወደ ኋላ ተመልሷል። ደሴቲቱን አላያትም። ከ1055 እስከ 1110 የገዛው የደሴቲቱ ንጉሥ ቀዳማዊ ቪጃያባሁ በተሳላሚዎቹ መንገድ ላይ ማረፊያ ቤቶች ማሠራቱ በድንጋይ ተጽፎ ይገኛል። እኔ ሰንሰለቱንም ከዚሁ ወገን እጠረጥራለሁ፤ አንድ ንጉሥ አዝዞ፣ ስሙን ማንም ያልጻፈለት ቀጥቃጭ ሠርቶት ይሆናል። ብረት በተቀጠቀጠበት ቦታ ሁሉ እስክንድርን መጥራት የሰነፍ ታሪክ ነው።

ዛሬ በሃተን በኩል የሚወጣው ከ5,000 በላይ ደረጃ ይረግጣል። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባለው የተሳላሚ ወቅት መንገዱ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አለው፣ ሻይ አለው፣ ልጅ ያዘለች እናት አለችበት፣ በምርኩዝ የሚወጡ የሰማንያ ዓመት አዛውንት አሉበት። ኢብን ባቱታ ይህን ቢያይ ከየትኛው መንገድ እንደሚመድበን መገመት አያስቸግርም።

ጫፉ 2,243 ሜትር ነው። ከእኛ ተራሮች ጎን ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ ትበልጠዋለች። ግን ከባሕር ጠለል አጠገብ የሚነሳ ጉልበት ይህን አይሰማም። እላይ ቤተ መቅደስ አለ፣ በውስጡም ያ 1.8 ሜትር ገደማ የሚሆን የእግር ዱካ። አስጎብኚያችን የተለመደውን ዘረዘረልን፦ ለቡድሂስቶች የቡድሃ፣ ለሂንዱዎች የሺቫ፣ ለሙስሊሞች ከገነት የወረደው የአዳም፣ ለክርስቲያኖች የቅዱስ ቶማስ። አራት ሃይማኖት፣ አንድ እግር። ቱሪስቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። አምስተኛ ሰው አለ፤ ማንም ስሙን አያነሣውም። ከ1845 እስከ 1850 የሲሎን ቅኝ ግዛት ዋና ጸሐፊ የነበረው አየርላንዳዊው ጄምስ ኤመርሰን ቴነንት በ1859 ስለ ደሴቲቱ ባሳተመው ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ፣ ፖርቱጋሎቹ ዱካውን የማን እንደሚያደርጉት ተከፋፍለው እንደ ነበር በጨረፍታ ይነግረናል። ግማሾቹ የቶማስ ነው አሉ። ግማሾቹ ደግሞ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ ነው አሉ። አዎ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ቱ። ቴነንት ይህን በአንድ ሐረግ ብሎ አለፈ። እኔ ማለፍ አቃተኝ።

በ1505 ደሴቲቱ ላይ የደረሱት ፖርቱጋሎች ይህን ከኪሳቸው አላወጡትም። በጢሮሱ ዶሮቴዎስ ስም የሚጠራ፣ እሱ እንዳልጻፈው ሊቃውንት የሚስማሙበት፣ የሐዋርያትና የደቀ መዛሙርት ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ ጃንደረባውን በዐረቢያና በታፕሮባና ሰበከ ይለዋል። ታፕሮባና ጥንት ግሪኮች ስሪ ላንካን የሚጠሩበት ስም ነው። ጃንደረባውን አንዴ ደሴቲቱ ላይ ካደረሱት ተራራ ማስወጣቱ ትንሽ ሥራ ነው። በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ሰውየው ወደ አገሩ ተመልሶ ሰበከ ይላል፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ይህንኑ ነው። ታሪክ አጥኚዎች በበኩላቸው ንግሥቲቱ የሜሮዌ ናት ብለው ጨዋታውን ሊያበላሹብን ይሞክራሉ። ይቆዩን።

እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህን ሰው ስንተዋወቀው በሠረገላ ተቀምጦ ነው። ፊልጶስ እንኳ ሮጦ ነው የደረሰበት። ከዚያም በላይ የግምጃ ቤት ሹም ነው፤ የንግሥቲቱን ሒሳብ ጥሎ ሕንድ ውቅያኖስን ሊሻገር፣ በአልቅት ጫካ አልፎ ገደል ላይ ሊንጠለጠል? በእግሩ ስለ መሄዱ የተጻፈለት ወደ ውኃው የወረደበት ያ አጭር መንገድ ብቻ ነው። ከሁሉም ሰው መርጠው 1.8 ሜትር እግር የሰጡት ለእሱ ነው። ቡድሃና አዳም ቢያንስ እግረኞች ናቸው።

ለአስጎብኚያችን ይህን ሁሉ በስልክ ጽፌ ላክሁለት። «ጋሼ፣ አራቱ ይበቃሉ» ብሎ መለሰልኝ። ለፍቅር ብዬ ትቼዋለሁ፤ አልረታኝም።

ከእኛ ባሕር ደሴቲቱን የረገጠ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ ግን አስተማማኙ ሌላ ቦታ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስን በዓይኑ ያየውና በአፄ ካሌብ ዘመን የድንጋይ ጽሑፎቿን የገለበጠው መንገደኛ ኮስማስ፣ ሶጳጥሮስ የሚባል የሮማ ግዛት ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ ታፕሮባና እንደ ገባ ጽፏል። ንጉሡ ፊት አንድ የፋርስ ሰው «የእኔ ንጉሥ ይበልጣል» ቢል፣ ሶጳጥሮስ የሁለቱም ገንዘብ ይምጣና ይተያይ አለ። የሮማው ወርቅ፣ የፋርሱ ብር ነበርና ሶጳጥሮስ ረታ፤ ዝሆን ላይ አስቀምጠው ከተማውን አዞሩት። አብረውት የወረዱት የአዱሊስ ሰዎች ታሪኩን ለኮስማስ ከነገሩት መካከል ናቸው፤ ራሳቸው እዚያ ምን እንዳደረጉ ግን አልጻፈም። ተራራ ወጥተው ነበር እንዳልል ማስረጃ የለኝም። የእኔ ግምት ወደቡ ላይ ሆነው፣ ሶጳጥሮስ ዝሆን ሲጋልብ፣ ዕቃ ሲጠብቁ ዋሉ ነው።