ስለ ዳገትና ስለ ብስክሌት ጥርስ

በቤተ ሰብ መካከል የሚነሣ ቅያሜ ብዙ ጊዜ ከታላቅ ነገር አይነሣም። ከጠፋ ማንኪያ፥ ከዘገየ እራት፥ ካልተዘጋ በር ይነሣና ውሎ ሲያድር ግን ተራራ ያህላል። በእኛም ቤት ባለፈው ዓመት አባትና ልጅን ያኳረፈው ነገር የአንድ ብስክሌት ጥርስ ነበረ ብንል የሚስቅብን ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ነገሩ እስኪገባን ድረስ ልጃችንን በማይገባው በደል ከሰነው ነበርና፥ ሌላው አባት ከእኛ ስሕተት እንዲማር ታሪኩን ከነሒሳቡ ልንጽፈው ወደድን።

እኛ በደምበጫ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግል ሰው ነን። በሕፃንነታችን ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥረን ዳዊት ደግመናል፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብ ተምረናል። ከፊተኛው መታገሥን፥ ከኋለኛው ማስላትን አገኘን እያልን እንመካ ነበር። ዳሩ ግን በዚህ ነገር ሁለቱንም ዘንግተናቸው ነበር።

አገራችን ደምበጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ከዚህ ተነሥቶ በአማኑኤል በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ሲወጣና ሲወርድ ቈይቶ በመጨረሻው 2400 ሜትር አልፎ ይደርሳል። በዚህ አገር ሰው «መንገዱ ሜዳ ነው» ቢል፥ ዳገቱ ትንፋሽ አያቋርጥም ማለቱ እንጂ ዳገት የለውም ማለቱ አይደለም። ባሕር ዳር ግን በጣና ዳር የተዘረጋች ሜዳ ናት። ስለዚህም ተማሪው፥ ሠራተኛውና ነጋዴው በብስክሌት ሲመላለስባት የኖረ ከተማ ናት።

ለሥራ ጉዳይ ወደ ባሕር ዳር ሄደን ሳለ፥ ዘጠነኛ ክፍል ለገባው ልጃችን ብስክሌት ልንገዛለት አሰብን። አንድ ያገለገለ፥ ጥቍር፥ ከባድና ጠንካራ ብስክሌት አገኘን። ማርሹ አንድ ብቻ ነው። በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ላይ ሞከርነው፤ እንደ ንፋስ ሄደ። ሻጩም «አንድ ጊዜ ሲረግጡት ሩቅ ይሄዳል» ብሎ አመሰገነው፤ አልዋሸም። ገንዘቡን ከፍለን በአውቶቡስ ላይ አስጭነን ወደ ቤታችን ገባን። ልጁ ሲያየው እንባው እስኪመጣ ተደሰተ።

ቤታችን ከወንዝ አጠገብ ዝቅ ካለ ስፍራ ነው። ልጁ የሚማርበት ቤት ደግሞ ከዳገት በላይ ሲሆን፥ ዳገቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ «ልጅዎ ማርፈድ አብዝቷል» የሚል መልእክት ከመምህሩ ደረሰን። ብንመረምር ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ እንደሚሄድ ሰማን። ጠርተን ገሠጽነው። «እኛ በአንተ ዕድሜ ስንቅ ተሸክመን በእግራችን ስንጓዝ ነበር፤ አንተ በመንኰራኵር ተቀምጠህ እንዴት ዳገት ይረታሃል?» አልነው። ዝም አለ። እኛም ዝምታውን እንደ ማመን ቈጠርንበት።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ብስክሌቱ ከግቢያቸው ቆሞ እንደሚውል ነገሩን። ልጁ ከዳገቱ ግርጌ እያስቀመጠው በእግሩ ይወጣል፤ ማታም አንሥቶት ይመጣል። ይህን ስንሰማ ስጦታችንን የናቀ መስሎን ቍጣችን ነደደ። ብስክሌቱን ከዕቃ ቤት ቈለፍንበት፥ ገዢም መፈለግ ጀመርን። ሁለት ሳምንት ያህል ከልጁ ጋር ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። በየቀኑ በሥራችን ላይ ተከሳሹ የሚሰጠውን መልስ አንድ ቃል ሳናስቀር የምንጽፍ ሰዎች ሳለን፥ በገዛ ቤታችን ግን ተከሳሹን «ምን ትመልሳለህ?» ብለን አልጠየቅነውም።

በመጨረሻ ባለቤታችን «እስኪ ዳገቱን እርስዎም አንድ ቀን ይውጡትና ከዚያ በኋላ ይፍረዱ» አለችን። ነገሩ እንደ ቀልድ ነበረ፤ ነገር ግን ከነከነን። ቅዳሜ ጧት ሰው ሳይበዛ ብስክሌቱን አውጥተን ተነሣን። ሜዳው ላይ መልካም ነበረ። ዳገቱ ሲጀምር ግን ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ከበደ። ከመቀመጫው ተነሥተን በቁመታችን ረገጥነው፤ አንድ ዙር ለማዞር መላ ክብደታችንን መጣል ሆነብን። ከሲሶው ሳንደርስ ብስክሌቱ ቆመ፤ ወደ ጎን አጋደለና ከቦዩ ውስጥ ጣለን። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሳቁብን። ጕልበታችንን ለሦስት ቀን አመመን፤ ካመመን ጕልበት ይልቅ ግን ልጁን የተናገርነው ቃል ነበር የሚያመን።

ሰኞ ብስክሌቱን በገበያው አጠገብ ወደሚሠራ ጠጋኝ ወሰድነው። «ወንድሜ፥ ይህ ብስክሌት ምን ነካው?» ብለን ጠየቅነው። አንሥቶ ጎማውን አዞረና «ጋሼ፥ ብስክሌቱ ጤነኛ ነው። የሜዳ እንጂ የዳገት አይደለም። ጥርሱን ይቍጠሩት» አለን። ቍጭ ብለን ቈጠርን። ፔዳሉ የተያያዘበት የፊተኛው ጥርሳም ክብ 44 ጥርስ አለው፤ በኋላው ጎማ እምብርት ላይ ያለው ትንሹ 18 ጥርስ አለው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ካቴናው ነው።

የቀረውን ሒሳብ ከቤት ገብተን ሠራነው። 44ን በ18 ብናካፍለው 2.44 ይሆናል፤ ይኸውም ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይዞራል ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር ስለ ሆነ፥ በአንድ የፔዳል ዙር 5.4 ሜትር ያህል እንሄዳለን። ይህ በሜዳ ጸጋ ነው። በዳገት ግን አንድ እግር በአንድ ርግጫ ያን ሁሉ ርቀት፥ ሰውንም ብረቱንም ተሸክሞ ሽቅብ እንዲገፋ መጠየቅ ነው። የኋላውን ጥርስ ከ18 ወደ 22 ብንለውጠው፥ 44ን በ22 ስናካፍል ልክ 2 ይሆናል፤ በአንድ ዙርም 4.4 ሜትር እንሄዳለን። እግር የሚጫነው ኀይል ከመቶ 18 ያህል ይቀንሳል። ዋጋው ዙር መብዛቱ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር 186 ዙር ይበቃ የነበረው 227 ይሆናል። ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ድካም በጠቅላላው አልጠፋም፤ ብዙ ትንንሽ ሸክም ሆኖ ተከፋፈለ እንጂ። አንድ ኵንታል እህል በአንድ ጊዜ የማይሸከም ሰው በዐሥር ጊዜ ተመላልሶ ጎተራ እንደሚያስገባው ማለት ነው።

ባለ 22ቱ ጥርስ በከተማችን ስላልተገኘ ወደ ባሕር ዳር በሄደ ወዳጅ አስመጣነው። ጠጋኙ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ገጠመ። ካቴናው ዐጠረና ሁለት ዘለበት ጨመረበት። ሥራው ከአንድ ሰዓት አልበለጠም።

ከዚህ ሥራ ይልቅ የከበደን ልጁን መጥራት ነበር። አባት ልጁን ይቅር ይላል እንጂ ይቅርታ አይጠይቅም በሚባልበት ልማድ አድገናልና፥ ቃሉ ከጕሮሮአችን አልወጣ አለ። በመጨረሻ ግን «ልጄ፥ ሳንሰማህ ፈረድንብህ፤ ዳገቱን ሞክረነው ጣለን» አልነው። ፈገግ አለና ቀና ብሎ አየን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገረን። ያን ከባድ ብረት ሽቅብ መግፋት በእግር ከመሄድ ይልቅ ስለሚያስረፍደው፥ ከመምህሩ ተግሣጽ ለመዳን ከግርጌ ያስቀምጠው ኖሯል። ጕልበቱንም ያመው ኖሯል። «ለምን አልነገርኸንም?» ብንለው፥ «አባባ፥ ስንት ደክመህ የገዛኸውን አይረባም ማለት አፍሬ ነው» አለን። እኛ ንቀት ያልነው ነገር አክብሮት ኖሯል። ይህን ስንሰማ ለጥቂት ጊዜ መልስ አጣን።

አሁን ልጁ ዳገቱን ከሞላ ጎደል ተቀምጦ ይወጣዋል፤ ቀጥ ካለው ከመጨረሻው ስፍራ ግን ዛሬም ይወርዳል። ይህም የሚያሳፍር አይደለም። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ዳገት ለሚወጡ፥ በቀድሞው ጥርስ ፔዳሉ በደቂቃ 25 ጊዜ ብቻ ይዞር ነበረ፤ በአዲሱ 30 ይሆናል። የለመዱ ጋላቢዎች በሜዳ ከ60 እስከ 90 ዙር ያዞራሉ፤ ጕልበት የሚጐዳውም ፔዳሉ በዝግታና በታላቅ ጭነት ሲረገጥ ነው። ስለዚህ አቅም ያለው ሰው ብዙ ማርሽ ያለውን ብስክሌት ቢገዛ ይሻላል። በፊት 28፥ በኋላም 28 ጥርስ ላይ ካቴናው ሲውል፥ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በዚያው ዝግተኛ ፍጥነትም ከ60 የማያንስ ዙር ለማዞር ያስችላል።

ቀላል ማርሽ መምረጥ የስንፍና ምልክት የሚመስለው ሰው እኛ ብቻ እንዳልሆንን ኋላ ተረዳን። በፈረንሳይ አገር በ1895 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የብስክሌት ውድድር፥ ቱር ደ ፍራንስ፥ በ1902 ዓ.ም. ቱርማሌ የሚባለውን ተራራ ማለፍ ጀመረ። የቱርማሌ ከፍታ 2115 ሜትር ነው፤ እኛ ደምበጫዎች ተኝተን የምናድርበትን ከፍታ ያህል መሆኑ ነው። የውድድሩ መሥራች አንሪ ደግራንዥ ግን ማርሽ መለዋወጥ ዕድሜው ከ45 ላለፈ ሰው እንጂ ለጎበዝ አይገባም ባይ ነበረ። ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ በኋላ ጎማቸው ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት ጥርስ ይዘው፥ ከተራራው ግርጌ ሲደርሱ ይወርዱና ጎማውን ፈትተው አዙረው ይገጥሙት ነበር። ካቴናን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው መሣሪያ የተፈቀደላቸው በ1929 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የዳገት ጀግኖች አልጠፉም።

የአገራችንም ሰዎች በዚህ ጥበብ ስም አላቸው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት፥ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገው ውድድር፥ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት ተሰልፈዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ ተወዳደረ። ዛሬ በዚያ ውድድር ዳገት ሲደርስ ማርሹን የማያቀል ሰው የለም።

ብስክሌት ለልጁ ወይም ለራሱ የሚገዛ አንባቢያችን እንግዲህ ይህን ያስታውስ። የሚሞክርበትን መንገድ ሳይሆን የሚኖርበትን ዳገት ያስብ። የፊቱንና የኋላውን ጥርስ ቈጥሮ ያካፍል፤ ውጤቱ ባነሰ መጠን ዳገት ይቀላል፥ በሜዳ ግን እግር ቶሎ ቶሎ ይዞራል። ብዙ ማርሽ ያለው ከሆነ፥ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ይለውጥ እንጂ በጭነት መካከል አይታገል፤ ካቴናው ይወልቃል ወይም ይበጠሳል። ደግሞም የወጣ ሁሉ ይወርዳልና፥ ከጥርሱ ጋር ፍሬኑን አጥብቆ ይመርምር።

ስለ ብረቱ ይህ ይበቃል። ስለ ሰው ግን አንድ ቃል እንጨምር። በቤታችን ልጅ፥ በመሥሪያ ቤታችን የበታች ሠራተኛ ከመንገድ ሲቀር ስናይ «ሰነፍ ነው» ማለት ቀላል ነው። ዳሩ ግን ለሜዳ የተሠራ ሸክም ሰጥተን ዳገት ሰደነው እንደ ሆነ መጠየቅ የእኛ የታላላቆቹ ፈንታ ነው። እኛ ጥርሱን ለመቍጠር ሁለት ሳምንት ዘገየን። ልጃችን ግን አሁን ማታ ማታ ከበሩ ሳይደርስ ደወሉን ያሰማናል፤ እኛም መዝገባችንን አጥፈን ልንቀበለው እንወጣለን።