ጨረቃ ሳትጎድል የተተከለ ድንች

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። አምና ግንቦት መጨረሻ ላይ አያቴ ደወለችና «ዘር የለኝም፤ የዘንድሮን አንተ ፈልግልኝ» አለችኝ። አያቴን እኛ ቤት «አኮ» ነው የምንላት። የምትኖረው ሱሉልታ ነው። ድሮ ሰፊ የነበረው መሬታቸው ለመንገድም ለቤትም እየተቆረሰ ሄዶ አሁን የቀራት ከጓሮ ትንሽ ከፍ የምትል ማሳ ናት። ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሰበታና ከቡራዩ ጋር ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች፤ ስለዚህ አኮ በወረቀት ላይ የከተማ ሰው ሆናለች ማለት ነው። ድንቹ ግን ይህን አልሰማም።

የዚያች ማሳ ድንች ደግሞ ቀልድ አይደለም። የታናሽ ወንድሜ ደብተርና ዩኒፎርም የሚወጣው ከእሱ ነው። እኔም ግቢ ስገባ ይዤው የመጣሁት ብርድ ልብስ የተገዛው በድንች ነው።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ፈተና ደርሶብኝ ስለነበር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ነጋዴ ሁለት ኩንታል ገዛሁና ጭኜ ሄድኩ። ዝርያው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለወጥ የመጣ ድንች ነበር፤ አብዛኛው ገና አልጎነቆለም። አኮ ጆንያውን ፈትታ አየችና ዝም አለች። ከዚያ በጣቷ ቆጠረችና «ጨረቃዋ ገና ስምንተኛ ቀኗ ናት። ትጉደልና እንተክላለን» አለችኝ።

የአኮ ሕግ አጭር ነው፤ ከመሬት በላይ የሚያፈራ ጨረቃ ስትሞላ ይዘራል፣ ከመሬት በታች የሚያፈራ ስትጎድል ይተከላል። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. ከ1792 ጀምሮ የሚታተመው የአሜሪካ ገበሬዎች አልማናክም ይህንኑ ይላል። አኮና አሜሪካኖቹ የት ተገናኝተው እንደተማከሩ እንጃ!

እኔ ግን መች ልሰማ። «አኮ፣ ይሄ እኮ ሳይንስ አይደለም። ሰኞ ፈተና አለኝ፣ ዛሬ ካልተከልን የሚያግዝሽ ሰው የለም» ብዬ ድርቅ አልኩ። እሷም ተሸነፈችልኝ። እስኪመሽ ተክለን ጨረስን።

ግቢ ስመለስ የፊቸር ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘዝን። ርዕስ ከእጄ መቼ ጠፋ! «ጨረቃን የሚጠብቁ ድንቾች» ብዬ ጀመርኩ። ማስረጃም ሰበሰብኩ። የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር አራት መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ጨረቃ ዙሯን የምትጨርሰው በ29 ቀን ተኩል ነው፤ ድንች ደግሞ ከተተከለ በኋላ ብቅ እስኪል ሁለት ሦስት ሳምንት አፈር ውስጥ ይቆያል፣ ስለዚህ መቼም ተተከለ መቼ ጎዶሎዋም ሙላቷም ያልፉበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የስፔን ተመራማሪዎች የተጻፈውን ሁሉ አገላብጠው ጨረቃ ለሰብል ይህን አደረገች የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም። ድንች ራሱ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው ሺምፐር በኩል ነው ይባላል፤ «ከጥንት ከአባቶቻችን» የሚባለው ሕግ ለድንች ከሆነ ያን ያህል ጥንት አይደለም። ሰበታ የአበባ እርሻ የሚሠራው አጎቴ «እኛ ጋ ጨረቃ ፕላስቲኩን አልፋ አትገባም» ብሎ ሳቀብኝ። ቡራዩ ያነጋገርኳቸው አንድ አባወራም «የእኔ ጨረቃ ዝናብ ነው» አሉኝ። ጽሑፉ አማረልኝ። መምህራችን ግን ሲመልስልኝ ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «አያትህን ጠይቀሃታል?» ብሎበት ነበር።

አልጠየቅኳትም ነበር።

ነሐሴ ላይ ልጠይቃት ሄድኩ። ማሳው ጋ ስደርስ ደብተሬን ማውጣት አቃተኝ። ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ግንዱ ተኝቷል፣ የሚሸተው ሽታም ሌላ ነው። ገበሬው «ምች መታው» የሚለው ነገር ነው፤ ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ሕዝብ በረሃብ የፈጀው የድንች በሽታ። ቆፍረን ያወጣነው ሦስት ጆንያ አይሞላም። አኮ እጇን ከጭቃው እየጠረገች «ጨረቃዋን ናቅናት» ብቻ አለች።

ከአጥሩ ማዶ ግን የጎረቤታችን ድንች አረንጓዴ ነው። ያውም የተከሉት በዚያው ቅዳሜ ነው፣ በዚያችው ጨረቃ! ሄጄ ጠየቅኳቸው። ዘራቸው ጉደኔ ነው፤ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ምችን ይቋቋማል ተብለው ከወጡት ዝርያዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀ። ጎንቁሎ ነው የተከሉት። ሁለት ጊዜም መድኃኒት ረጭተውበታል። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱንም እኔ አላደረግሁም።

ማታ ምድጃ ዳር ቁጭ ብዬ አኮን ጠየቅኳት። «ጨረቃ እስክትጎድል ዘሩን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ምን አደርገዋለሁ? በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ እዘረጋዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት አገላብጠዋለሁ። የላላውን እጥላለሁ፣ ዓይን ያወጣውን እለያለሁ።»

መጻፌን አቆምኩ። ዘርን ብርሃን በሚደርስበት ቦታ ዘርግቶ ማጎንቆል የግብርና ባለሙያዎችም የሚመክሩት ነው። እኔ ጨረቃዋን ከልክያት መስሎኝ ነበር፤ የከለከልኳት ዘሩን የምታይበትን አሥር ቀን ነው።

ሌላም ነገረችኝ። ጥቅምትና ኅዳር ውርጭ የሚወርደው ጨረቃ ቦግ ባለችበት ሌሊት ነው ትላለች። ይህንን ፈረንሳዮችም ይሉት ነበር፤ አራጎ የሚባል ሳይንቲስታቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው ደመና ሲጠፋ የምድሩ ሙቀት ወደ ላይ ይሸሻል፣ ጨረቃዋም በዚያው ጥርት ባለ ሰማይ ትታያለች። ጥፋተኛዋ እሷ አይደለችም፣ ምስክር ናት እንጂ። አኮ ያየችው ነገር ግን ልክ ነው።

በመጨረሻ ነገርኳት። «አኮ፣ ጨረቃዋ አይደለችም። ዘሩን ሳልጠይቅ የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ጆንያውን ስፈታው ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈተና አለኝ ስትል ነበራ!» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ዘሩም መጥፎ ነበር፣ ጨረቃዋም ገና ነበረች» አለችኝ። ሁለተኛውን ልከራከራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

የወንድሜን ዩኒፎርም የገዛሁት ስልኬን ሸጬ ነው። ፊቸሩንም ርዕሱን ቀይሬ ደግሜ ጻፍኩት።

የዘንድሮን ዘር ከጎረቤታችን ወስደናል። በሩ አጠገብ ተዘርግቶ ጎንቁሏል። ትናንት ደውዬ «መቼ ልምጣ?» ስላት «ጨረቃዋን እያትና ና» አለችኝ። ዶርማችን መስኮት ላይ ቆሜ ፈለግኳት፤ ሰማዩ ደመና ነው።