ለገና ባሕር ዳር ስትመጡ

ቡናው እስኪደርስ አንድ ነገር እንጫወት። ታህሳስ ሲገባ እዚህ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ የየቤቱ ስልክ አንድ ዓይነት ወሬ ያመጣል። ከአዲስ አበባም ይሁን ከዋሽንግተን የሚደውለው ዘመድ፣ «ለገና ልንመጣ ነው፤ የበዓሉ ዕለት እናንተ ምንም እንዳትደክሙ፣ ሁላችሁንም ሐይቅ ዳር ምሳ እንጋብዛለን» ይላል። ደግ ሐሳብ ነው፤ ግን ይህን ለእናት ወይም ለአክስት የሚነግር ጀግና አልተገኘም። ብትነግሯትም መልሱ ይታወቃል፦ «የማርያም ያለህ! እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

እውነቷን ነው። ጌሾው የተጠነሰሰው እንግዳው ሻንጣውን ሳያዘጋጅ ነው። ዶሮዋ ቅዳሜ ገበያ የተገዛችው ስንቱ ጋር ደረቷ ተዳብሶ፣ ክንፏ ተይዞ ተመዝና፣ «የፈረንጅ ናት እንዴ?» ተብላ ተዘልፋ፣ ሻጩ ሲቆጣ ተመልሶ ተሄዶ ነው። ሽንኩርቱ ደግሞ በዋዜማው ያለዘይት ድስት ላይ ወጥቶ፣ ጠብ ጠብ እያለ ውኃ እየተጨመረለት፣ እስኪልምና መልኩ እስኪጠፋ ሲቁላላ ያመሻል። ያን ሁሉ የደከመች ሴት ገና ዕለት ሆቴል ተቀምጣ ሜኑ ስትገልጥ ማየት ለእኔ ግብዣ ሳይሆን ቅጣት ነው። ስለዚህ የዛሬው ምክሬ አጭር ነው፤ ገና ዕለት የቤት ነው፣ ሆቴሉን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ለየትኛው ቀን ካላችሁ ካሌንደር እንግለጥ። ከውጭ የሚመጣው ወገናችን ፈቃዱን የሚያገኘው በፈረንጅ ገና ስለሆነ ታህሳስ 16 ላይ ለመድረስ ይቸኩላል። በዚያ ቀን እዚህ የጾሙ እኩሌታ ቢያልፍም ጾሙ አላለቀም፤ ህዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት እስከ ዋዜማው ይዘልቃል። ልጁ ስንት ዓመት ያለመውን ዶሮ ሊበላ መጥቶ ሽሮና ተልባ ይቀርብለታል። ሽሮውን አልናቅሁም፤ የጎጃም ሽሮ ራሱን የቻለ ግብዣ ነው። ዶሮ ብሎ ለመጣ ሰው ግን አይነገርም። በ2014 መንግሥት ዳያስፖራውን «ለገና አገራችሁ ግቡ» ብሎ ሲጠራ የቀጠረው በእኛው ታህሳስ 29 ነበር፤ በዚህ እንኳ ቀጠሮው ልክ ነበር። ፈቃዳችሁ ሦስት ሳምንት ከሆነ ለገና ጥቂት ሲቀረው ግቡ። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ብቻ ነው፤ ጎንደር ደግሞ ከእኛ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መንገዱ ከፈቀደ ሁለቱንም በአንድ ትኬት ታከብራላችሁ።

አሳስ? አዎ፣ እዚህ ጋ ነው ጠቡ። እንግዳው ከአውሮፕላን እንደወረደ የሚጠይቀው የጣና አሳ ነው። ቆሮሶው ጎንና ጎኑ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ተደርጎ እንደተጠበሰ፣ ጭራው ከሳህኑ ወጥቶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ሲመጣ ማን ይችለዋል? ቤተ ክርስቲያን በጾሙ አሳ አትፈቅድም፤ አሳ ቤቶቹ ግን በጾሙም ሰው አያጡም። እኔ በዚህ መሐል ዳኛ አልሆንም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ የምታርፉበት ቤት እማማ ጾመኛ ከሆኑ፣ በጾሙ የተጠበሰ አሳ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቤታቸው እንዳትገቡ። ሽታው ከእናንተ ቀድሞ ይገባል። አሳውን ከገና በኋላ ብሉት፤ ጣና የትም አይሄድ።

አሁን ወደ ሥጋው። ሰፈሩ በሬ ገዝቶ ቅርጫ የሚገባ ከሆነ እንግዳም ቢሆን ገንዘብ ከማዋጣት አልፎ ቦታው ላይ ይገኝ፤ ከማንኛውም ምግብ ቤት የበለጠ ያያል። በሬው ጠዋት ይታረዳል፣ ቅጠል ይነጠፋል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይደረደራል። ከጉበቱም ከጨጓራውም ከምላሱም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል፤ አንድ ቁራጭ ሻኛ እንኳ አታመልጥም። ከዚያ አባላቱ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የእንጨት ስባሪ ይሰጣሉ። የማን የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ይጠራና በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ይጥላል። ቁልፍህ ያረፈበት ያንተ ነው፤ ክርክር የለም። የወንድሜ ልጅ ከውጭ በመጣበት ገና ዕጣ ጣይ እሱ ሆኖ፣ አንድ ጎረቤታችን «የአሜሪካ እጅ አጥንት አደረሰኝ» እያሉ እስከ ጥምቀት ወቅሰውታል።

እዚህ ላይ ቀን መቁጠር የማይችል ይጎዳል። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ይበላል፤ ዋዜማውን በጋድ የምንጾመውም ስለዚህ ነው ይባላል። ከገና በኋላ ያሉት ረቡዕና ዓርብ ግን እንደወትሮው ይጾማሉ። የ2019 ገና ሐሙስ ላይ ይውላል። ይህ ማለት ሐሙስ የታረደ በሬ ማግሥቱን ዓርብ ቁጭ ብሎ ያያችኋል። ስለዚህ ለዚያ ገና ቅርጫውን ከወትሮው አነስ አድርጉ፣ ቋንጣ የሚዘለዝል ሰው አዘጋጁ፣ የሆቴሉን ግብዣ ደግሞ ቅዳሜ ላይ ያዙት። ቅዳሜ ሲደርስ አክስታችሁ ራሷ ምጣድ ማየት ሰልችቷት ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ትጠብቃችኋለች። ያኔ ሐይቅ ዳር ካሉት አንዱ ጋ፣ ኩሪፍቱም ይሁን ሌላ፣ ጠረጴዛ ያዙላት፤ አሳውን እዘዙላት። ከቤቷ ጋር የማይወዳደር ምግብ ስለሆነ አትቀየምም። ደግሞ ብዙ ሰው ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ በበዓል ሰሞን ሠራተኛውም የራሱ እናት ቤት ነው።

ሌሊቱን አትዝለሉት። የዋዜማው ማታ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ነጭ በነጭ ይሆናል፤ ቅዳሴው እኩለ ሌሊት አልፎ ነው የሚያልቀው። ባሕር ዳር ሞቃት ናት ብላችሁ በቲሸርት የመጣችሁ፣ የታህሳስን ሌሊት ከሐይቁ ነፋስ ጋር አታውቁትም፤ ጋቢ ተዋሱ። መመለሻ ግን አስቀድማችሁ አስቡ፤ የባጃጅ ሰዓት የሚገደብበት ጊዜ ስላለ በዚያ ሰዓት በእግር መሄድ ሊመጣ ይችላል።

ስለ መንገድ ከተነሣ፣ አልዋሻችሁም። በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ ሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የአዲስ አበባው መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። አውቶቡስ ያሰበ ሰው በጉዞው ዋዜማ ሳይሆን በዚያው ጠዋት ይደውል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ የሚመጣ ሰው በዚያ ቢመጣ እመርጣለሁ።

ለጀልባ ደግሞ ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሞገዱ አክስቶችን ያስለምናል። ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ናት፤ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ሥዕል አይታችሁ፣ ከጫካው የተለቀመውን የዘጌ ቡና ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ይህን ለእህቶቻችሁ ወደቡ ላይ ሳይሆን ቤት ንገሯቸው። ጢስ ዓባይን ለጥር አታሞግሱ፤ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል፣ ፏፏቴው በመስከረም ፎቶ ላይ እንዳያችሁት አይደለም። በዚያ ፈንታ በ2016 የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ አመሻሽ ላይ በእግር ተሻገሩ፤ ነጻ ነው፣ ልጆቹም ይወዱታል።

ቡናው ደረሰ። ለ2019 ያልደረሳችሁ ግን አንድ ነገር ያዙ፦ የ2020 ገና ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ የሚከበረው ታህሳስ 28 ነው እንጂ 29 አይደለም፤ ዓርብ ቢሆንም ይበላል፤ ማግሥቱም ቅዳሜ ነው። ትኬቱን ለዚያ ቁረጡ፤ ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ለአክስታችሁ ደውሉ።