የአፍሪካ አዳራሽና የመንዝ ክዳን

ከመስቀል አደባባይ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የቆመውን የአፍሪካ አዳራሽ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ገብቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ያለ፣ ዘብ የሚጠብቀው፣ ጉባኤ ሲኖር ብቻ በቴሌቪዥን የሚታይ ቤት ሆኖ ኖሯል። ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት ግን የጎብኚም ቤት እንዲሆን ታስቦ ነው። እኔም መንዝ ጌራ ምድር ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲክቡ የኖሩትን አጎቴን ይዤ ሄድሁ። ለሕክምና መጥተው ነበር። ከተማውን ላሳይዎ ስላቸው፣ “ፎቁንማ ከመኪና ሆኜ አየሁት፤ በደንብ የተሠራ ቤት ካለ አሳየኝ” አሉኝ። በደንብ የተሠራ ቤት ሲባል ቀድሞ የመጣልኝ ይህ ነው።

በሩ ላይ ፍተሻው አልቆ ወደ ሕንፃው ስንጠጋ አጎቴ የአስጎብኚዋን ንግግር ትተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። እሷም አልተቆጣችም፤ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ታሪኩን ጀመረች። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ሲወሰን፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የሚመጥነው ቤት እንዲሠራለት አዘዙ። ሥራው የተሰጠው አስመራ ላይ ብዙ ሕንፃ ለሠራው ጣልያናዊ አርክቴክት ለአርቱሮ መዘዲሚ ነው። ኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትንም የነደፈ እሱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እንዲህ ያለ ታላቅ ሕንፃ በዚህች አገርም መሠራት እንደሚችል ዓለም እንዲያይ ፈለጉ። የተሰጠው ጊዜ አጭር ነበር፤ 18 ወር ባልሞላ ጊዜ አልቆ በጥር 1953 ዓ.ም. ተመረቀ።

የምረቃውን ወር ስሰማ ቆም አልሁ። የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተደረገው እኮ በዚያው ዓመት፣ ሁለት ወር እንኳ ሳይቀድም ነው። ከተማዋ ደም ፈስሶባት፣ ሐዘን ተቀምጣ ሳለ ነው ለአህጉር የሚሆን አዳራሽ የተከፈተው። አስጎብኚዋ ይህን አላነሳችም፤ የእሷም ድርሻ ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ያን ቤት ከዚያ ወር ለይቼ ላየው አልቻልሁም።

ውስጥ ገብተን ዞር ስንል የመስታወቱ ሥዕል ፊት ለፊታችን ተገለጠ። ሦስት መስኮት ነው፤ ስፋቱ በአጠቃላይ 150 ካሬ ሜትር። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ቢጫው ከውጭ በሚመጣው ብርሃን እየነደደ ወለሉ ላይ ይወርዳል። ያለፈችውን፣ የአሁኗንና የወደፊቷን አፍሪካ ያሳያል፤ መከራው፣ ትግሉና ተስፋው በየተራ። ያገራችንን ልብስ የለበሱ፣ ችቦ ያነሡ ሰዎች አሉበት፤ የተባበሩት መንግሥታትን ዓርማ የያዘ ጋሻ ጃግሬ መሳይ ተዋጊም አለበት። መጽሐፍ ላይ ደጋግሜ አይቼው ነበር፤ ግን ወረቀት ብርሃን አያሳልፍም። የዚህ ሥራ ነፍሱ ደግሞ ብርሃኑ ነው። ደመና ሲያልፍ ይጨልማል፤ ፀሐይ ስትመለስ ሰዎቹ የተንቀሳቀሱ ይመስላሉ።

“ማን ሠራው?” አሉ አጎቴ።

“አፈወርቅ ተክሌ ናቸው፣ አባባ። የአንኮበር ተወላጅ።”

“የአንኮበር?” ብለው ወደ እኔ ዞሩ። “የኛው ሰው ነዋ!”

ከመንዝ አፋፍ እስከ አንኮበር አፋፍ ያለው ሰው አንድ ብርድ የሚበላው፣ አንድ ጉም የሚያለብሰው ነው፤ ስለዚህ አባባላቸው አልበዛብኝም። አፈወርቅ በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለደ። ልጅነቱ በጣልያን ወረራ ውስጥ አለፈ። በ15 ዓመቱ ግድም የማዕድን ምህንድስና እንዲማር እንግሊዝ አገር ተልኮ፣ እጁ የሚያዘነብልበትን አውቆ ወደ ሥነ ጥበብ ዞረ፤ ለንደን ውስጥ ስሌድ በሚባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ተማረ። ተመልሶ ያገሩን ክፍለ ሀገራት ዞሮ አየ፤ እንደገና አውሮፓ ሄዶ የመስታወት ሥዕል ጥበብን አጠና። ይህን ሥራ ሲሠራ ሠላሳ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ሲያርፍ በዓለም ዙሪያ የተከበረ ሰው ነበር፤ ለእኔ ግን ከሥራው ሁሉ ይህ ይበልጣል። አንድ የደጋ ልጅ የአህጉርን ታሪክ እንዲናገር አደራ ተሰጥቶት፣ አደራውን በልቶ አላስቀረም።

አጎቴ ግን ሥዕሉን ብቻ አልነበረም የሚያዩት። ብርጭቆውን ከብርጭቆ የሚያያይዘውን ጥቁር መስመር በጣታቸው በአየር ላይ እየተከተሉ፣ “ተሸካሚው እሱ ነው አይደል?” ብለው ጠየቁ። አስጎብኚዋ በደስታ ራሷን ነቀነቀች። ድንጋይ ከድንጋይ ያያያዘ ሰው መገጣጠሚያ ያያል።

የጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ብዙ አልቆየንም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው እዚህ ነው። ንክሩማህ፣ ኔሬሬ፣ ናስር፣ ቤን ቤላ እዚህ ተቀምጠዋል። የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው የተራራቁትን መሪዎች ለማቀራረብ የዚያን ጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከተማ ይፍሩ የደከሙት ድካም በደንብ ሊነገር ይገባው ነበር፤ በአጭሩ ታለፈ።

ከዚያ አጎቴ ቀኑን ሙሉ የማስበውን ጥያቄ ጠየቁ። “የኔ ልጅ፣ ከዚህ ሁሉ የትኛው የፊቱ ነው? የትኛው የአሁን?”

መልሷ ረጅም ነበር። የውጭውን ግድግዳ የሚያለብሱት ብርቱካንማ፣ ቡናማና ነጣ ያሉ ጥቃቅን ሞዛይኮች እየረገፉ ስለነበር፣ ከጥንቱ ጋር በቀለምም በመጠንም የሚገጥሙ ሌሎች ተሠርተው ተለጥፈዋል። መዘዲሚ ለቤቱ ብሎ የነደፋቸው ወንበርና ጠረጴዛዎች ተጠግነው ተመልሰዋል። የመስታወቱ ሥዕል ተጸድቶ ታድሷል። የሕንፃው አጥንት ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲችል ተጠናክሯል። ሥራው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ፈጅቷል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሌሊት ሌሊት ሲያባንን ለሰነበተው ሰው፣ አጥንቱን ማጠናከሩ ቅንጦት አልነበረም።

አጎቴ ሰምተው ሲያበቁ፣ “እንደ ክዳን ነዋ” አሉ።

እሷ አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ። የመንዝ ቤት እንዲህ ነው የሚኖር። እንጨት ብርቅ በሆነበት ደጋ ግድግዳው በድንጋይ ይካባል፤ ከውስጥና ከውጭ ሁለት ረድፍ፣ መሐሉ በጠጠርና በጭቃ ተሞልቶ። ውስጡ መደቡ፣ ምድጃው፣ በባና የተሸፈነው መኝታ። ድንጋዩ ከልጅ ልጅ ይሻገራል፤ ላዩ ያለው የጓሳ ሣር ግን ያረጃል። ስለዚህ ባለቤቱ ሣሩን ያወርዳል፣ የነቀዘውን ማገር ይለውጣል፣ እንደገና ይከድናል። አባት የከደነውን ልጅ ይከድነዋል፤ ቤቱ ያው ቤት ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ባለሙያዎች ከብዙ ጥናት በኋላ የደረሱበት ነገር፣ ያረጀውን በመሰሉ እየተኩ ቤቱን ራሱን ማቆየት፣ ለአጎቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት የሥራ ወግ ነበር።

ይህም ወግ ሕግ ነበረው። ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ግድም ጀምሮ በሕዝብ የተጠበቀ ነው። ጌራና አስቦ የሚባሉ አቅኚ አባቶች ዘሮች አለቃ እየመረጡ፣ ምድሩን ለዓመታት ዘግተው ሣሩ ሲደርስ ይከፍቱት ነበር። በዝግ ጊዜ ገብቶ ያጨደ ይቀጣ ነበር። ሲከፈት ሁሉም ያጭድ ነበር፤ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ዝናም ለሚከለክለው ገሳ። ሰው ይህን ሕግ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ስለ ጭላዳውና ስለ ቀይ ቀበሮው ሲናገር ነው፤ እውነትም ነው፣ እነሱም የተረፉት በዚሁ ነው። እኔ ግን የቤት ሕግም አድርጌ አየዋለሁ። የአንድ አገር ሕዝብ የጣራውን እድሳት ከልጅ ልጁ ጋር ተማክሮ የወሰነ ያህል ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቀድሞውን ሥርዓት አፈረሰው፤ ምድሩም ተጎዳ። ኋላ ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ አቋቁሞት ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ይገኛል።

ክዳኑ ግን በዚያው መጠን አልተመለሰም። ከመሐል ሜዳ እስከ ጊሼ፣ ወዲህም እስከ መርሐቤቴ፣ ዐይን የሚያርፈው ቆርቆሮ ላይ ነው። ቆርቆሮ የከደነውን ገበሬ አልወቅስም። በየጊዜው መክደን ሰው ይፈልጋል፣ ደግሞ ደቦ፣ ጉልበት፤ ልጆቹ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ናቸው። ሣር እሳት ይፈራል። ቆርቆሮ ግን ሌሊት ብርዱን ያሳልፋል፤ በረዶ ሲወርድ ቤት ውስጥ መነጋገር አይቻልም። ድንጋዩ ግድግዳ እንኳ በብሎኬት እየተተካ ነው። አዲስ አበባም ብትሆን ከዚህ አላመለጠችም፤ አንዱ ሕንፃ በጥንቃቄ ሲታደስ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ማደስ የምናውቀው ሰው ሲያይልን ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ስንወጣ አስጎብኚዋ አጎቴን፣ “አባባ፣ እንዴት አገኙት?” አለቻቸው። “ያደሱትን ሰዎች አመስግኝልኝ፤ አንቺም ተባረኪ። ግን የግንበኞቹን ስም አልነገርሽንም” አሉ። ዝም አለች፤ ከዚያ “እጠይቃለሁ” ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ያን ጊዜ በጣም ወደድኋት።

ጓሳ ላይ ዛሬ ጎብኚ ይመጣል። የአካባቢው ልጆች አስጎብኚ ሆነው ጭላዳውን ያሳያሉ፣ ቀበሮውን ይፈልጋሉ፣ ስለ ሣሩ ይናገራሉ። ወደዚያ ሲወጡም ሲወርዱም በድንጋይ ቤቶች አጠገብ ነው የሚያልፉት፤ ቆሞ፣ ይህ ግድግዳ እንዴት ቆመ፣ ማን ካበው የሚል የለም። ቢያንስ አንድ ቤት፣ ሰው የሚኖርበት፣ ምድጃው የሚነድ፣ በጓሳ የተከደነ ቤት ተመርጦ ቢጠበቅ፣ ለጎብኚ የሚናገረውም ያካባቢው ግንበኛ ራሱ ቢሆን፣ የሚከፈለው ገንዘብ ለቀጣዩ ክዳን ይሆናል። ሞዛይክ ከውጭ ማስመጣት አያሻም። ሣሩ እዚያው አለ፣ ድንጋዩም። ከላይ ሆናችሁ ጥብቅ ሥፍራውን የምትመሩ የመንዝ ሰዎች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው፤ በሚቀጥለው ጓሳ ሲከፈት ለአንድ ቤት የሚበቃ ሣር ለዚህ ተብሎ ይታጨድ። የሚከድን ሰው ካስፈለገ አጎቴ ሕክምናቸውን ጨርሰው አገራቸው ገብተዋል፤ መሰላል መውጣት ባይችሉም፣ ታች ቆመው ያዛሉ።