በረሃ የሚያርቀን ከምንድን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ የሚመረቁ የምህንድስና ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ ሥራው የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያን ርቆ በበረሃ ከሆነ አገልግሎታችንን ምን እናድርገው? ጥያቄው የእኔም ነው። ተወልጄ ያደግሁት በገለጉ ነው፤ የምማረው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ሲሆን የቀረኝ አንድ መንፈቀ ዓመት ብቻ ነው።

የኃይል ሥራ ሰውን ከከተማ የሚያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃ ኃይል የሚሰጠው ከከፍታ ወደ ዝቅታ ሲወርድ ስለሆነ ግድብ የሚሠራው በሸለቆ ነው፤ ተከዜንና ጊቤ ሦስትን ማየት ይበቃል። የእንፋሎት ኃይልም የሚገኘው እንደ አሉቶ ላንጋኖ ባለ የስምጥ ሸለቆ ቦታ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የቆመው በጉባ ቆላ ነው። ሥራ አስኪያጁ የነበሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለም የእኛው የማክሰኚት ተወላጅ ነበሩ።

ለእኛ ለቆላ ልጆች ሙቀቱ እንግዳ አይደለም፤ ሰሊጥ ያጨደ ሰው ፀሐይን ያውቃታል። ደግሞም በቅዳሴ ጊዜ የሚታጠነው ዕጣን ከቋራና ከመተማ በረሃ ዛፎች ጭምር እንደሚለቀም፣ ማኅበረ ሥላሴ ገዳምም በዚሁ ቆላ እንዳለ ለሚያውቅ ሰው «በረሃ ከእግዚአብሔር ያርቃል» የሚለው አባባል አያሳምነውም። የሚያርቀው ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ።

ከጎንደር ተነሥቶ በገንዳ ውኃና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚሻገር የ230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ። ምሰሶው በማሳቸው አጠገብ የቆመ፣ ቤታቸው ግን በባትሪ የሚያመሽ አንድ አባት «ልጄ፣ በላያችን የሚያልፈው መብራት እኛን ስለ ምን አያየንም?» ብለው ጠየቁኝ። ኃይሉ ወደ ቤት ለመግባት በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎ ቮልት፣ ከዚያም በመንደሩ ትራንስፎርመር ወደ 220 ቮልት መውረድ እንዳለበት፣ ይህም ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አስረዳኋቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ «እንግዲያስ ተማርና አውርደው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መምህሮቼ ከሰጡኝ የቤት ሥራ ሁሉ ይህ ይከብደኛል።

ባለፈው ዓመት ለተግባር ልምምድ በተመደብሁበት አንድ የማከፋፈያ ጣቢያ መጀመሪያ የተማርሁት መስመር ከመነካቱ በፊት ስለሚደረገው ነገር ነው። መስመሩ ይጠፋል፣ ማጥፊያው ይቆለፋል፣ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ምልክት ይንጠለጠልበታል። ቀጥሎ ኃይል አለመኖሩ በመሣሪያ ተፈትሾ መስመሩ ከመሬት ጋር ይያያዛል፤ የጠፋ መስመር እንኳ ከጎኑ ካለው ሌላ መስመር የሚገድል ኃይል ሊወርስ ይችላልና። ወደ ላይ የሚወጣው ሠራተኛ ነፍሱን የሚሰጠው ከታች ሆኖ «ቆልፌዋለሁ» ላለው ሰው ቃል ነው።

በዚያው ጣቢያ የትራንስፎርመሩ ዘይት ሙቀት በየሰዓቱ እየተነበበ መመዝገብ ነበረበት። ሌሊቱ ግን በእንቅልፍ ያልፍና ቁጥሮቹ ንጋት ላይ በአንድ ብዕር፣ በአንድ ትንፋሽ ይሞሉ ነበር። ትራንስፎርመር መታመሙን ቀድሞ የሚናገረው ያ መዝገብ ነው። አንድ ቀን እንድሞላ ታዘዝሁ። ያነበብሁትን ጻፍሁ፣ ያላነበብሁትን ባዶ ተውሁት። ከዚያ በኋላ «ቄሱ» የሚል ስም ወጣልኝ፤ ምሳም ብቻዬን መብላት ጀመርሁ። የልምምድ ውጤቴም ከጓደኞቼ አነሰ።

በጉባኤያችን ስለ ካምፕ ሕይወት ሲነሣ ስለ መጠጥና ስለ ዝሙት እንመከራለን፤ ተገቢ ነው። ስለ ሐሰት ቁጥር ግን ሲመከር ሰምቼ አላውቅም። እኔ እንደማየው በበረሃ ሰውን ከእግዚአብሔር የሚያርቀው የቤተ ክርስቲያን ደወል አለመሰማቱ ሳይሆን ማንም የማይመረምረው ፊርማ ነው። በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው ወርቅን፣ ብርንና ናስን እንዲሠራ ነበር። የእጅ ሙያ የጸጋ ቦታ ከሆነ በመለኪያ ላይ መዋሸትን እንደ ቀላል ስንፍና ማየት የሚቻል አይመስለኝም።

ስለ ጾም አጭር ነገር ልበል። በቆላ ፀሐይ ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው ውኃ ሳይጠጣ ቢውል ራሱን ሊስትና ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሰዓቱንም ሥርዓቱንም በገዛ ፈቃዱ ሳይወስን አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ለበዓላት ደግሞ በልምምዱ ያየሁት መልካም ልማድ አለ። ሙስሊም ባልደረቦቻችን በትንሣኤ ቀን የእኛን ተራ ይይዙልናል፣ እኛም በዒድ የእነርሱን እንይዛለን።

የሚቀረኝ ጭንቀት የአጥቢያዬ ነው። እንደምታውቁት ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካንን፣ ሁለት ቀሳውስትንና ሦስት ዲያቆናትን ይሻል። እኔ ለትምህርት ከሄድሁ ወዲህ ሦስተኛው ዲያቆን ከሌላ አጥቢያ እየተለመነ ነው የሚቀደሰው፤ አባቶችም መመረቄን ሲጠብቁ ቆይተዋል። ሥራው ሩቅ ሊሆን እንደሚችል ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻም «ሂድ፤ ነገር ግን ቦታህን ባዶ ትተህ አትሂድ» አሉኝ።

ስለዚህ በየዕረፍቱ ገለጉ ስመለስ ሁለት ልጆችን አስተምራለሁ። ታላቁ ዳዊት አድርሶ ግብረ ዲቁና ጀምሯል። ታናሹ ገና ውዳሴ ማርያም ላይ ነው፤ ድምፁ ግን ከሁላችንም ይበልጣል። የሥራ ማመልከቻዬን የማስገባው በሰኔ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።