በአንድ ኪሎ ላይ አንድ ኪሎ

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ምሳሌ ያልሰማ የለም። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን «ቀስ በቀስ» ማለት በየስንት ቀኑ ስንት ስንት ማለት እንደ ሆነ አይነግረንም። ክብደት በማንሣት ሰውነቱን ለማጠንከር ለተነሣ ጀማሪ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚያሻው ጥያቄ ይኸው ነው። እኔም ዘንድሮ የደከምሁት ይህን ጥያቄ ለመመለስ ስለ ሆነ፥ ያገኘሁትን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ላካፍል ወደድሁ።

ለዚህ ሥራ ያነሣሣኝ ጡንቻ የማሳየት ፍላጎት አይደለም። አጎቴ ወፍጮ ቤት አለው፤ ትምህርት ሲዘጋ እኔ እረዳዋለሁ። ባለፈው ክረምት ወገቡን ታሞ ከባድ ነገር እንዳያነሣ ሐኪም ከለከለው። እህሉ የሚመጣው ደግሞ በኩንታልና በግማሽ ኩንታል ነው። ግማሹ ኩንታል 50 ኪሎ ነው፤ እኔ ራሴ ሚዛኑ ላይ ስወጣ 52 ኪሎ ነበርሁ። እኔ ካላነሣሁለት አጎቴ የሐኪሙን ቃል ትቶ ራሱ እንደሚያነሣው ጠባዩን ስለማውቅ፥ ክረምቱ ተመልሶ ሳይመጣ 50 ኪሎውን ከመሬት ለማንሣት ቈረጥሁ።

በሠፈራችን ወጣቶች የሚሰበሰቡበት አንድ ግቢ አለ። በዚያም ሁለት የቀለም ጣሳዎች በሲሚንቶ ተሞልተው በብረት ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ተተክለዋል። መሣሪያው ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ጉድለቱ ግን አይጨመርበትም፥ አይቀነስለትም። የቻለ ያነሣዋል፥ ያልቻለ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ብረት ጠንካራውን ከደካማው ይለያል እንጂ ደካማውን ጠንካራ አያደርገውም።

ስለ ክሮቶኑ ሚሎ የሚነገር አንድ የቆየ ተረት አለ። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረ ዝነኛ የግሪክ ትግለኛ ነበር። አንዲት ጥጃ በየቀኑ ይሸከም ነበርና፥ እርሷ እያደገች ስትሄድ የእርሱም ጉልበት አብሮ አደገ ይባላል። ተረቱ ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ ጥጃ ተሸካሚዋ ደከመ ብላ ማደጓን አታቆምም። ይልቅስ የሚበልጠውን ዘዴ ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሐኪም፥ የተጎዱ ወታደሮችን ጉልበት ለመመለስ ሲደክም አግኝቶ በ1945 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፎ አሳተመው። በ1948 ከባልደረባው ጋር ያቀረበው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ከ10 ጊዜ በላይ ሊያነሣው የማይችለውን ክብደት ፈልጎ ያገኛል፤ መጀመሪያ የዚህን ግማሽ 10 ጊዜ፥ ቀጥሎ ሦስት አራተኛውን 10 ጊዜ፥ በመጨረሻ ሙሉውን 10 ጊዜ ያነሣል። ሰውየው ሲበረታ ክብደቱ ይጨመራል።

እኔም ይህንኑ በአሸዋ አደረግሁት። በአጎቴ ሚዛን አንዳንድ ኪሎ አሸዋ እየመዘንሁ በትንንሽ ከረጢት ሰፋሁ፤ ከረጢቶቹንም በአንድ ጆንያ ጨመርኋቸው። በጥቅምት አጋማሽ በ20 ኪሎ ጀመርሁ። ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ ጉልበቴን ሸብረክ፥ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፥ ሸክሙን ወደ ሰውነቴ አስጠግቼ አነሣለሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ ዓርብ ዕለት የመጨረሻዋ 10ኛ ማንሣት ጀርባዬ ሳይጎብጥ ከተፈጸመች ሰኞ 1 ኪሎ እጨምራለሁ፤ ካልተፈጸመች አልጨምርም።

ይሁን እንጂ 1 ኪሎ በሁሉ ዘንድ 1 ኪሎ አይደለም። በ20 ኪሎ ላይ ሲጨመር ከመቶ 5 ነው፤ በ8 ኪሎ ላይ ሲጨመር ግን ከመቶ 12 ያልፋል። ስለዚህ ለክንዴ ከራሴ በላይ የማነሣው ጀሪካን 8 ሊትር ውሃ ሲይዝ የጨመርሁበት ግማሽ ሊትር ብቻ ነው፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናልና።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርታት ፈጥኖ ይመጣል። ይህም ጡንቻው ስለ ወፈረ ሳይሆን በአብዛኛው ነርቮች ጡንቻውን ማዘዝ ስለሚማሩ ነው። ጡንቻው የሚወፍረው ቆይቶ ነው፤ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ደግሞ ከጡንቻውም ዘግይቶ ይጠነክራል። «ቀለለኝ» ብሎ በአንድ ጊዜ 10 ኪሎ የሚጨምር ሰው ያልደረሰ ጅማቱን ለአደጋ ይሰጣል።

በዚህ መካከል ፈተና አልጠፋም። ጓደኞቼ «የአሸዋ ነጋዴ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ የሲሚንቶውን ብረት እንዳነሣም ተወራረዱብኝ። እኔም «የማነሣው ለክረምት ነው» ብዬ መለስሁላቸው። ዓቢይ ጾም ሲገባ 36 ኪሎ ደርሼ ነበር። በጾሙ ወራት እስከ 9 ሰዓት ሳልበላ ስለምውል፥ ያለኝን ጠብቄ ለመቆየት እንጂ ለመጨመር አላሰብሁም። ደብተሬን የምትይዝልኝ ታናሽ እኅቴ ከሳምንታት በኋላ «ወንድም ጋሼ፥ ሁልጊዜ 36 ብቻ ነው የምጽፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነትም ገጹ ከላይ እስከ ታች 36 ነበር። ነገር ግን 35 የሚል አልነበረበትም። ከፋሲካ በኋላ ቁጥሩ እንደገና መውጣት ጀመረ።

በግንቦት መጨረሻ 41 ኪሎ 10 ጊዜ አነሣሁ። 10 ጊዜ የሚያነሡት ክብደት አንድ ጊዜ ብቻ ከሚያነሡት ያነሰ ነውና፥ በዚያው ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ሄጄ 50 ኪሎውን የጤፍ ጆንያ ከመሬት ወደ ሚዛኑ አወጣሁት። አጎቴ ጀርባዬን ሲያይ ቆይቶ «በል ሁለተኛውን አምጣ» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ሙሉውን ኩንታል ግን ዛሬም ለሁለት እናነሣዋለን።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ክብደት ማንሣት ለመጀመር የምትፈልጉ ሁሉ፥ «ስንት አነሣ?» ተብሎ ከሚጠየቀው ይልቅ «ስንት ልጨምር?» ብሎ የሚጠይቀውን ምሰሉ። ለዚህም ደብተር፥ ሚዛንና ጥቂት አሸዋ ይበቃል።